ግሪን ሃውስ ውስጥ ከሰል አይነድም፤ ለክታችሁ መስኮት ክፈቱ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

በከተማ ግብርና ዓምዳችሁ ላይ ስለ ጓሮ ግሪን ሃውስ የወጣው ጽሑፍ ሁለት ነገር ይላል። የቤቱን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 1,000 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 1,000ው) ማድረስ የቲማቲምና የኪያር ምርት ይጨምራል የሚለው ልክ ነው። ለዚህም «ጠዋት ጠዋት በማንደጃ ትንሽ ከሰል አቀጣጥሎ ማስገባት ይበቃል» የሚለው ግን ሰው የሚገድል ምክር ስለሆነ በተከታዩ እትም እንዲታረም እጠይቃለሁ። እግረ መንገዴን ጽሑፉ የዘለለውን፣ ማለትም ጋዙ እንዴት እንደሚለካና እንደ ጎንደር ከፍታ ላይ ባለ ከተማ እንዴት እንደሚስተካከል አሰፍራለሁ። እዚህ ከተማ ጋዝ ለመግዛት ወይም ለማንደድ የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው በሰዓቱ የተከፈተ መስኮትና ልኩ የተስተካከለ መለኪያ ነው።

በመጀመሪያ ከሰሉ። በየጓሮው የሚሠራው የላስቲክ ቤት ትንሽ ነው። 6 ሜትር በ4 ሜትር፣ አማካይ ከፍታው 2.2 ሜትር ብንል 53 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይይዛል። ሩብ ኪሎ ከሰል ውስጥ 200 ግራም ገደማ ካርቦን አለ። ከዚህ ውስጥ አንድ አሥረኛው ብቻ በወጉ ሳይቃጠል ቀርቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ቢወጣ (ከማንደጃ ከሰል ይህ የሚጠበቅ ነው) 47 ግራም ይሆናል፤ በጎንደር የአየር ግፊት 53 ሊትር ያህል ማለት ነው። 53 ሊትር ለ53 ሜትር ኩብ ሲካፈል 1,000 ፒፒኤም ይመጣል። በ800 ፒፒኤም ካርቦን ሞኖክሳይድ ውስጥ የቆየ ጤነኛ ሰው በ45 ደቂቃ ውስጥ ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ራሱን ሊስት ይችላል። ጋዙ ሽታ የለውም፤ ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ሲጠፋም መውጣቱን አያቆምም። ላስቲኩ ቀዳዳ ካለው መጠኑ ዝቅ ይላል እንጂ አደጋው አይቀርም። በየዓመቱ ብርድ ሲጠና ከሰል አስገብተው ተኝተው ስለቀሩ ሰዎች የምንሰማው ከዚሁ ጋዝ የተነሳ ነው።

ሌላም አለ። ያው ሩብ ኪሎ ከሰል በተዘጋው ቤት ውስጥ የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 9,000 ፒፒኤም ይጠጋል። ጽሑፉ ራሱ ከሚፈልገው ዘጠኝ እጥፍ፣ ለስምንት ሰዓት ሥራ ከሚፈቀደው 5,000 ደግሞ እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው ነው። በወጉ ያልነደደ ነገር ኤትሊንም ይለቃል። ይህ ጋዝ ከ0.1 ፒፒኤም ባነሰ መጠን እንኳ ለቀናት ከቆየ የቲማቲም ቅጠል ወደ ታች ይጎብጣል፣ አበባው ከአንገቱ እየተቀነጠሰ ይረግፋል። አልሚው ዘሩን ወይም ማዳበሪያውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ የማንደጃው ነው። ነጭ ጋዝና ቡታጋዝም ቢሆኑ ከዚህ ነጻ አይደሉም። በ2,100 ሜትር ከፍታ ላይ አንድ ሊትር አየር የሚይዘው ኦክስጅን ከባህር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ለቆላ የተስተካከለ ምድጃ እዚህ ነበልባሉ ሰማያዊነቱን ትቶ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ከዚህም ሌላ አንድ ኪሎ ቡታጋዝ ሲነድ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ውሃ በተን ሆኖ ይወጣል። ያ ውሃ ጠዋት ላስቲኩ ላይ ይጠራቀምና ቅጠል ላይ ይንጠባጠባል፤ ሻጋታና ሌት ብላይት የተባለው የቲማቲም በሽታ የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው።

ችግሩ ግን የፈጠራ አይደለም። በጠዋት ፀሐይ የተዘጋ ግሪን ሃውስ ውስጥ ተክል ይራባል። የውጭው አየር በአሁኑ ጊዜ ከ420 ፒፒኤም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው። በ53 ሜትር ኩብ ውስጥ ይህ በክብደት 31 ግራም ብቻ ነው። 24 ካሬ ሜትሩን ሙሉ በሙሉ ያለበሰ ቲማቲም በጥሩ ፀሐይ በሰዓት 50 ግራምና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ቤቱ የያዘው ሁሉ ለአንድ ሰዓት አይበቃውም ማለት ነው። አፈሩ የሚመልሰውና በስንጥቅ የሚገባው ተደምሮ ዜሮ አይደርስም፤ ነገር ግን ላስቲኩ ጥብቅ ከሆነ ፀሐይ በደንብ ካረፈችበት በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወደ 250 መውረዱ የተለመደ ነው። በ200 አካባቢ ብርሃን አስተፃምሮ ወደ ግማሽ ይቀንሳል። ቅጠሉ ቢጫ አይሆንም፣ አይጠወልግም፣ ምንም ምልክት አይሰጥም፤ እድገቱ ብቻ ይዘገያል። መለኪያ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ በጓሮ የሚለማው ሁሉ እኩል አይጠቀምም። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ኪያር፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ እንጆሪ ጋዙ ሲጨምር ይበረታሉ። በቆሎ፣ ማሽላና ጤፍ ጋዙን በራሳቸው መንገድ አከማችተው ስለሚጠቀሙ ብትጨምሩላቸውም እምብዛም አይጨምሩም።

አሁን ወደ መለኪያው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው።

በርካሽ የሚሸጠው ኤምኪው-135 የተባለው ሴንሰር ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይለካም። ለአሞኒያ፣ ለአልኮልና ለጭስ ምላሽ ይሰጣል፤ ፍግ ያለበት ቤት ውስጥ የሚያሳየው ቁጥር የፍጉን ሽታ ነው። በማሸጊያቸው ላይ «ተመጣጣኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ» የሚል የተጻፈባቸውም ከሌሎች ተን ጋዞች ተነስተው ይገምታሉ እንጂ አይለኩም። የሚፈለገው በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራው፣ ኤንዲአይአር የሚባለው ዓይነት ነው። ኤምኤች-ዜድ19 እና ኤስሲዲ30 ከዚህ ወገን ናቸው። ኤስሲዲ41 ብርሃኑን ወደ ድምፅ ለውጦ ቢለካም ውጤቱ አስተማማኝ ነው። ከእነዚህ አንዱን ከኢኤስፒ32 ወይም ከአርዱዊኖ ሰሌዳ ጋር ማገናኘት ኤሌክትሮኒክስ ለሚነካካ ተማሪ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ተገጣጥሞ የሚሸጥ የጠረጴዛ መለኪያም ይሆናል፣ ከታች የምላቸው ሁለት ቅንብሮች ካሉት ብቻ።

አንዱ ቅንብር ከፍታ ነው። እነዚህ መለኪያዎች የሚቆጥሩት በትንሿ ክፍላቸው ውስጥ የገባውን የጋዝ ብዛት ሲሆን ከፋብሪካ ሲወጡ ከባህር ወለል ጋር እኩል ላይ ያሉ ይመስላቸዋል። ጎንደር ላይ አየሩ ስስ ነው። ፒያሳ አካባቢ የአየር ግፊቱ ከ780 እስከ 790 ሄክቶፓስካል፣ ዝቅ ብሎ አዘዞ 800 ገደማ ነው፤ ባህር ዳርቻ 1,013። ስለዚህ ሳይስተካከል ከካርቶኑ የወጣ ሴንሰር ንጹህ አየር ላይ 425 ማለት ሲገባው 330 አካባቢ ይላል። ባለቤቱ ተክሉ የተራበ መስሎት ጋዝ ፍለጋ ይሄዳል። ኤስሲዲ41 ላይ ከፍታውን በሜትር፣ ኤስሲዲ30 ላይ ከፍታውን ወይም ግፊቱን ማስገባት ይቻላል። ኤምኤች-ዜድ19 ይህ ቅንብር የለውም፤ ንባቡን በ1.28 ማባዛት ይቀራረባል። ግፊት ስታስገቡ ከስልክ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ አትውሰዱ። እዚያ የሚታየው 1,015 ወይም 1,020 ወደ ባህር ወለል ተሰልቶ የተስተካከለ እንጂ ጓሯችሁ ውስጥ ያለው ግፊት አይደለም። ስልኩ የራሱ ባሮሜትር ካለው የእሱን ጥሬ ንባብ ተጠቀሙ፤ ከሌለው ከፍታውን ከካርታ ወስዳችሁ አስገቡ። የ100 ሜትር ስህተት ንባቡን የሚያዛባው በአንድ ከመቶ ገደማ ስለሆነ ለእኛ ሥራ ምንም አይደለም።

ሁለተኛው ራሱን በራሱ የማስተካከል ልማዱ ነው፤ ከፍታው እንኳ በትክክል ገብቶ ብዙ መለኪያ የሚበላሸው በዚህ ነው። ሴንሰሩ በየጊዜው ካየው ሁሉ ዝቅተኛውን ንባብ ይወስድና «ይህ ንጹህ የውጭ አየር ነው፣ 400 ነው» ብሎ ሚዛኑን ያንቀሳቅሳል። ኤምኤች-ዜድ19 ይህን በየ24 ሰዓቱ ያደርጋል፣ ኤስሲዲ30 በሰባት ቀን ዑደት። ሰው ለሚተኛበት ክፍል ወይም ለቢሮ ጥሩ ዘዴ ነው፤ እዚያ አየሩ ከውጭው በታች አይወርድም። ግሪን ሃውስ ግን ይወርዳል። ጠዋት 230 የደረሰውን አየር ሴንሰሩ 400 ብሎ ከተቀበለው ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ንባብ ሁሉ ወደ ላይ ይዛባል፤ ተክሉ ሲራብ መለኪያው የጠገበ ያስመስለዋል። በተለይ ከሳምንት በኋላ «ችግሩ በራሱ ተስተካከለ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የተስተካከለው ችግሩ ሳይሆን ሴንሰሩ ነው።

ስለዚህ ይህን አገልግሎት አጥፉና በእጅ አስተካክሉ። ከመንገድ፣ ከማድቤት ጭስና ከሰው ራቅ ብሎ፣ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ስር፣ ከቀትር በኋላ ሴንሰሩን ለ20 ደቂቃ እየሠራ ተዉት። ማታና ጎህ ሲቀድ አታድርጉት፤ ያን ጊዜ አየሩ ስለሚተኛ የየቤቱ ጭስና የአፈሩ እስትንፋስ መሬት ላይ ይጠራቀማል። ከዚያ በኤስሲዲ ዓይነቶቹ ላይ የማስገደጃ ማስተካከያ ትዕዛዙን 425 ብላችሁ ስጡ። በኤምኤች-ዜድ19 ላይ ኤችዲ የሚለውን እግር ከመሬት መስመሩ ጋር ከሰባት ሰከንድ በላይ ማገናኘት ነው፤ እሱ ያለበትን አየር 400 ብሎ ይይዘዋል። እንዲህ ከተስተካከለ በኋላ የከፍታው ጉድለት አብሮ ስለሚታረም በ1.28 ማባዛቱ ይቀራል፤ ሁለቱን ደርቦ መሥራት ንባቡን ወደ ሌላኛው ጥግ ይወስደዋል። በሦስት ወር አንዴ መደጋገም ይበቃል። አንድ ነገር እወቁ፦ የእነዚህ ሴንሰሮች የትክክለኛነት ዋስትና ከ400 በላይ ላለው ነው። ከዚያ በታች አቅጣጫውን ያሳያሉ እንጂ በ250 እና በ270 መካከል ስላለው ልዩነት መጨነቅ ዋጋ የለውም።

የሚሰቀልበት ቦታም ንባቡን ይለውጣል። በተክሉ አናት ከፍታ፣ ከበሩና ከኮምፖስቱ ራቅ ብሎ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ ይሁን። ጠዋት ከላስቲኩ ጤዛ ስለሚንጠባጠብ ሴንሰሩን እርቃኑን አትስቀሉት፤ የሁለት ሊትር ነጭ ፕላስቲክ ዕቃ ገልብጣችሁ፣ ጎኑን በትኩስ ሚስማር በስታችሁ፣ ታቹን ክፍት ተዉና በውስጡ አንጠልጥሉት። የሰው ትንፋሽ 40,000 ፒፒኤም ገደማ ነው። ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን የሚያነብ ሰው የሚያነበው የራሱን ትንፋሽ ነውና ስክሪኑ ውጭ ቢሆን ወይም ንባቡ በስልክ ቢታይ ይሻላል።

ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ምንም ሳትቀይሩ በየአሥር ደቂቃው አስመዝግቡ። ጤናማ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይወጣል፤ አፈሩም ተክሉም በጨለማ ይተነፍሳሉና ከንጋት በፊት 600 ወይም 700 ላይ ማግኘት ያለ ነው። ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ብርሃን ሲያገኝ ቁልቁል ይወርዳል። የሚታየው ነገር ከ400 በታች የሚወርድበት ሰዓትና መስኮቱ የሚከፈትበት ሰዓት ስንት ይራራቃሉ የሚለው ነው። ልዩነቱ 15 ደቂቃ ከሆነ ምንም ማድረግ አያስፈልግም። ሁለት ሰዓት ከሆነ ከቀኑ ምርጡ የሥራ ሰዓት ባክኗል። ሌሊት ምንም የማይጨምር መስመር ካያችሁ ደግሞ ወይ ላስቲኩ ያፈስሳል፣ ወይ አፈሩ በሕይወት የለም።

ጎንደር ውስጥ ይህ ልዩነት የሚሰፋው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ሌሊቱ 10 ዲግሪ አካባቢ ስለሚደርስ ሰው ቤቱ እንዲሞቅ ብሎ እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ እስከ 4 ሰዓት ይዘጋዋል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ስሌቱ ግን አይደግፈውም። በቤቱ ውስጥ ያለው አየር ክብደቱ 50 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሙሉ በሙሉ ወጥቶ በ10 ዲግሪ የቀዘቀዘ የውጭ አየር ቢተካ የሚጠፋው ሙቀት 500 ኪሎ ጁል ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ በላስቲኩ አልፎ የሚገባው ፀሐይ በዚህ ስፋት 3 ኪሎ ዋት ያህል ይሆናል። የጠፋውን ሙቀት ለመመለስ ሦስት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል ማለት ነው። ዋናው ሙቀት አየሩ ውስጥ ሳይሆን በአፈሩ፣ በውሃ በርሜሉና በተክሉ ውስጥ ነው ያለው፤ እሱ በአምስት ደቂቃ አይሄድም። እናም በብርድ ወራት ንባቡ 380 ሲደርስ የጣሪያውን መተንፈሻና በነፋሱ ተቃራኒ ያለውን ጎን አንድ ስንዝር ያህል ከፍቶ፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ቆይቶ መዝጋት፣ እንደገና ሲወርድ መድገም ነው። ውስጡ 24 ዲግሪ ካለፈ ወዲያ መዝጋት አያስፈልግም። ነፋሱ በቀጥታ በሚመጣበት በኩል መክፈት ችግኝ ይመታል፤ ከዚያ ተቆጠቡ።

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሁኔታው ተቃራኒ ነው። ሙቀቱ ራሱ ጠዋት በጊዜ ያስከፍታል፤ ጥያቄው የመክፈቻው ስፋት ነው። አየሩ በሰዓት 10 ጊዜ ከታደሰ ሙሉ ቅጠል ያለው ቤት ውስጥ 355 አካባቢ ይቆያል፣ 30 ጊዜ ከታደሰ 400። ለዚህ የመክፈቻዎቹ ድምር ከወለሉ ስፋት አንድ አምስተኛ መሆን አለበት፤ በእኛ ምሳሌ 5 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ከፊሉ ጣሪያ ላይ። ጎን ብቻ የተከፈተ ቤት ነፋስ በሌለበት ቀን አይተነፍስም፤ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ የሚወጣበት ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት መረቡን ነው። ለነጭ ዝንብ የሚዘረጋው ደቃቅ መረብ የአየሩን መተላለፊያ ወደ ግማሽ ይቀንሰዋል፤ ለቱታ አብሶሉታ (ቲማቲም ለሚያጠቃው የእሳት እራት) የሚበቃው ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለው ነው። ደቃቁን ከመረጣችሁ መክፈቻውን ወደ ሁለት እጥፍ አሳድጉ፣ በወር አንዴም አቧራውን በውሃ አርግፉ። አቧራ የሞላው መረብ ከግድግዳ አይሻልም።

እውነተኛ ጭማሪ ለሚፈልግ ለጓሮ የሚስማማው ምንጭ ኮምፖስት ነው። 100 ኪሎ ደረቅ ነገር (ጭድና ፍግ) ውስጥ 45 ኪሎ ገደማ ካርቦን አለ፤ በሁለት ወር ግማሹ ሲበሰብስ በአማካይ በሰዓት ከ50 ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። የ24 ካሬ ሜትር ተክል ከሚወስደው ጋር መመጣጠኑ ልብ ይሏል። የቤቱ አየር በስንጥቅ በሰዓት አንድ ጊዜ ያህል እየታደሰም ቢሆን ሌሊት የሚጠራቀመው እስከ ንጋት 1,100 ያደርሰዋል፤ ይህ ተክሉን ከጠዋቱ የመጀመሪያ ሰዓት በላይ ይመግበዋል። ክምሩ ውሃው ተጨምሮበት ግማሽ ሜትር ኩብ ቦታ ይፈልጋል። ፀሐይ በአብዛኛው ዓመት ከደቡብ ስለምትመጣ ሰሜኑ ጥግ ላይ ብታስቀምጡት ተክል አይከልልም። ከላስቲኩ ግን ግማሽ ሜትር ይራቅ፤ መሃሉ 60 ዲግሪ ይደርሳል።

ድብልቁ የከብት ፍግ ከሆነ በደረቅ ክብደት ከጭዱ ጋር ግማሽ በግማሽ ይሁን። የዶሮ ኩስ ናይትሮጅኑ ብዙ ስለሆነ ከጠቅላላው ከሩብ አይብለጥ። ከበዛ አሞኒያ ይወጣል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ አንድ ሌሊት በቂ ነው፣ ጠዋት የቅጠሉ ዳር እንደተቃጠለ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስትገቡ ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ ካለ ወዲያው ክፈቱ፣ ጭድ ቀላቅሉ፣ ከላዩም ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የበሰለ ኮምፖስት አልብሱት። እርጥበቱን በእጅ ጨምቃችሁ እወቁ፦ አንድ ሁለት ጠብታ በጣቶቻችሁ መካከል ብቅ ካለ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ አየር አጥቶ ይሸታል፤ ምንም ካልወጣ መበስበሱን አቁሟል። ሁሉን በአንድ ቀን አትከምሩ። ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከወር በኋላ ብታደርጉ የሚለቀው መጠን ከፍ ዝቅ አይልም። ንባቡ ከ1,500 ካለፈ የሚጠቀም ተክል የለም፤ የክምሩን ሲሶ ወደ ውጭ አውጡ።

ድራፍት ቤቶች የሚጠቀሙበትን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር የሚጠይቁም አሉ። ጋዙ ንጹህ ነው፤ ሥራውም ይሠራል፣ ቤቱ ሲዘጋ ብቻ። ከ400 ወደ 800 ለማንሳት መጀመሪያ 30 ግራም፣ ከዚያ የተክሉንና የስንጥቁን ለመሸፈን በሰዓት 80 ግራም ይበቃል፤ በፍሰት መለኪያ በደቂቃ አንድ ሊትር ገደማ። ለሁለት ጠዋት ሰዓታት 190 ግራም ማለት ነው፤ 25 ኪሎ ሲሊንደር ወደ 130 ጠዋት ያደርሳል። መስኮቱ ተከፍቶ አየሩ በሰዓት 20 ጊዜ እየታደሰ 800 ላይ ላቆየው ካላችሁ ግን ያው ሲሊንደር በ40 ሰዓት ያልቃል፤ ጋዙን ለሰፈሩ ነው ያደላችሁት። ፍሰቱ ከበዛ የግፊት መቀነሻው በረዶ ይሠራና ይዘጋል፣ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ በአንድ ጊዜ ይለቃል። በቀጭኑ የተበሳ ጎማ በተክሉ ግርጌ ዘርግታችሁ ትንሽ ፋን አየሩን እንዲያንቀሳቅስ አድርጉ። ሲሊንደሩ ራሱ በሰንሰለት ታስሮ ውጭ ይቁም፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድና ዝቅ ያለ ወለል ውስጥ ሊተኛ ይችላል።

ጠላና ጠጅ እዚያ ቢጠመቅስ የሚል ጥያቄም ይነሳል። 20 ሊትር ጠጅ፣ 5 ኪሎ ማር ቢገባበት፣ እስኪፈላ በሁለት ሳምንት ውስጥ 2 ኪሎ ገደማ ጋዝ ይሰጣል፤ በሰዓት 6 ግራም። ከሚያስፈልገው አንድ ስምንተኛ አይሞላም፣ ትርፉ ትንኝ ነው። ጠጁን ለጠጅነቱ ጥመቁት።

ከሰኔ እስከ መስከረም መጨመር አያዋጣም። በደመና ቀን ተክሉን የሚያግደው ጋዝ ሳይሆን ብርሃን ነው፤ ያን ጊዜ የመስኮቱ ሥራ እርጥበቱን ማስወጣት ይሆናል፤ ዝናብ እየዘነበም ቢሆን የጣሪያው መተንፈሻ ከክዳኑ ስር በጥቂቱ ክፍት ይቆይ። ውሃ የተጠማ ተክልም ከጭማሪው አይጠቀምም፤ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ስለሚዘጋ ጋዙ አይገባም። ጋዝ በጨመራችሁበት ወቅት የቲማቲሙ ቂጥ ሲጠቁር ወይም የሰላጣው ጫፍ ሲቃጠል ካያችሁ ተክሉ በቅጠሉ የሚያወጣው ውሃ ቀንሶ ካልሲየም ፍሬው ድረስ ስላልደረሰ ነው፤ ውሃ ማጠጣቱን አታቆራርጡ፣ ፋኑም ይሥራ።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መወሰን አለበት። የሲሊንደሩ ቫልቭ ኤሌክትሪክ ሲያጣ የሚዘጋ ዓይነት ይሁን፤ ኤሌክትሪክ ሲያጣ የሚከፈተውን አትግዙ። መስኮቱ በሞተር የሚከፈት ከሆነም የእጅ ማዞሪያ ይኑረው፤ በሚያዝያ ቀትር ፋኑ ቆሞ መስኮቱ ከተዘጋ ሰዓት ሳይሞላ 45 ዲግሪ ይደርሳል። መብራቱ ሲመለስ ሴንሰሩ እስኪሞቅ የሚሰጠውን የመጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ንባብ አትመኑ፤ የሰዓት መቆጣጠሪያውም ሰዓቱን ረስቶ እንደሆነ እዩ። ረስቶ ከሆነ ቫልቩን በእኩለ ሌሊት ሊከፍተው ይችላል፤ በጨለማ ደግሞ ጋዙን የሚወስድ ቅጠል የለም።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የጓሮ አትክልት ባለሙያ
ማራኪ፣ ጎንደር